ደጃዝማቹ የየትኛው ደጅ ነው? ስለ ጌም ማዕረጎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጓደኞቼ ጋር የሞባይል ጌም እየሠራን ነው። ዓለሙ የፈጠራ ነው፤ ድራጎን አለ፣ አስማት አለ፣ እርስ በርሳቸው የሚዋጉ መሳፍንት አሉ። ለመሳፍንቱ ‹ታላቁ የብርሃን ጌታ›፣ ‹የጨለማው ከፍተኛ አለቃ› የሚሉ ማዕረጎች ሰጠናቸው። ወንድሜ አንብቦ በሳቅ ሞተ። የውጭ ጌሞች ማዕረግ ሲፈጥሩ ግን እውነት ይመስላል። ከየት ነው የሚያመጡት? የእኛን ደጃዝማችና ፊታውራሪ ብንወስድስ ነውር ይሆናል? ንግሥቲቱንስ እቴጌ እንበላት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ አይፈረድበትም። «የጨለማው ከፍተኛ አለቃ» ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል? ማንን ያዛል? ግብሩን ከማን ይቀበላል? ማን ቢሾመው ነው ከፍተኛ የሆነው? ስሙ ለአንዱም መልስ የለውም። እኔ ሥራዬ የድሮ ቤተ መንግሥት ሹመቶችን ታሪክ ማጥናት ነው። ለገጣፎ ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆቹ ሲጯጯሁ ስለምሰማ ጌሙም ሩቄ አይደለም። ከሁለቱም ጎን ሆኜ የማየውን ልንገርሽ፤ ሰው የሚያምነው ማዕረግ ከኋላው ሥራ ያለው ነው። ሥራው ዛሬ ቢቀርም እንኳ።

የውጭዎቹ ጌም ሠሪዎች ይፈጥራሉ ብለሽ ካሰብሽ ተሸውደሻል። አብዛኛውን ከታሪክ ቆፍረው ነው የሚያወጡት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪምን ውሰጂ። ከተሞቹን የሚገዙት ሰዎች «ያርል» ይባላሉ። ይህ የጥንት ስካንዲኔቪያ መኳንንት ማዕረግ ነው፤ የእንግሊዞቹ «ኧርል» የቅርብ ዘመዱ ነው። ያርሉ ታማኝ ተጫዋች ሲያገኝ «ቴን» ብሎ ይሾመዋል። እሱም ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት ለንጉሥ የሚያገለግል ባለ መሬት የሚጠራበት ነበር። ሁለቱንም ጌሙ አልወለዳቸውም። አቧራውን አራግፎ አለበሳቸው እንጂ።

ትንሽ የከረረ ዘዴም አለ። የስካይሪም ታላቅ ወንድም በሆነው በሞሮዊንድ ውስጥ «ሆርታተር» የሚባል ሹመት አለ። እርስ በርስ የሚናከሱት ታላላቅ ቤቶች ጠላት ሲመጣባቸው ተስማምተው የሚመርጡት የጦር መሪ ነው። ቃሉ ላቲን ነው፤ ትርጉሙ አበርታች፣ አይዞህ ባይ ማለት ነው። በጥንቱ የመቅዘፊያ መርከብ ላይ ቀዛፊዎቹን እየጮኸ የሚያስኬደውም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ጌሙ ከመርከብ ላይ አነሳውና የጦር አበጋዝ አደረገው። ተጫዋቹ ላቲን አያውቅም። ግን ቃሉ የኖረ ቃል ስለሆነ ለጆሮው አይጎረብጠውም።

ዋርሀመር የሚባለው ጌም ደግሞ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ነው ያነሳው። እዚያ ንጉሠ ነገሥቱን የሚመርጡት «መራጭ» የሚል ማዕረግ ያላቸው መኳንንት ናቸው። ምንጩ ቅዱስ የሮማ መንግሥት የሚባለው የጀርመኖቹ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1356 የወጣው አዋጅ መራጮቹን ሰባት አድርጎ አጸና፤ ሦስት ሊቀ ጳጳሳትና አራት ዓለማዊ ገዢዎች። የሚገርመው እነዚህ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ የክብር ሥራም ነበራቸው። የቦሄሚያ ንጉሥ፣ ያውም ዘውድ የጫነ ንጉሥ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጽዋ አቅራቢ ነበር። በእኛ አፍ ጠጅ አሳላፊ በይው። የብራንደንቡርጉ መራጭ የእልፍኙ ኃላፊ ነበር። ይኼን ልቦለድ ደራሲ ቢጽፈው «አጋነንክ» ይባላል።

አውሮፓ ውስጥ ወደ ታች በቆፈርሽ ቁጥር የምታገኚው እንዲህ ዓይነት ሎሌ ነው። ዱክ የምንለው በሮማ መንግሥት መጨረሻ ዘመን የጠረፍ ጦር አዛዥ ነበር። ካውንት የንጉሠ ነገሥቱ ጓድ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ማርኪስ ስሙን ያገኘው ከጠረፍ ምድር ነው፤ ጠረፍ ጠባቂ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጦር ይፈቀድለታል። ኮንስታብል የጋጣ አለቃ ነበር፤ ቆይቶ በፈረንሳይ የንጉሡ ጦር የበላይ አዛዥ ሆነ። ማርሻልም እንዲሁ ከፈረስ አገልጋይነት ተነስቶ ነው እዚያ የደረሰው። ጌም ላይ ብርሃን ለብሶ የሚዋጋው «ፓላዲን» ሳይቀር ሲመዘዝ ሮም ላይ ቤተ መንግሥቱ የቆመበት የፓላታይን ኮረብታ ጋ ይደርሳል። የቤተ መንግሥት ሰው ማለት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ጃፓንም ከዚህ አትለይም። ሾገን መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ ያሉትን ሕዝቦች እንዲወጋ የሚላክ የዘመቻ አዛዥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1192 ሚናሞቶ ዮሪቶሞ ማዕረጉን ያዘ። ከዚያ እስከ 1868 ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ተቀምጦ አብዛኛውን ዘመን አገሩን የሚገዛው ሾገን ሆነ። የዘመቻ ሹመት መንግሥቱን ዋጠው።

አሁን ወደ ደጃፍሽ ልመልስሽ። ደጃዝማች የቱ ደጅ ነው ያለው? የንጉሡ ድንኳን ደጅ። የእኛን የጦር ማዕረጎች በወረቀት ላይ እንደ መሰላል ከደረደርሻቸው ሚስጥራቸው ያመልጥሻል። እንደ ካርታ አድርገሽ ተመልከቻቸው። መሃል ላይ የንጉሡን ድንኳን ትከይ። በደጁ በኩል ደጃዝማች፣ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ ከሁሉ ፊት ቀድሞ የሚሄደው ፊታውራሪ። ጨለማ ቢሆንም፣ ቦታው አዲስ ቢሆንም፣ ሠራዊቱ ሲሰፍር ሁሉም ድንኳኑን የት እንደሚተክል ከማዕረጉ ያውቃል። ዘዋሪ ከተማ ነው። ማዕረጉ አድራሻ ነበር።

ከተማው መዞሩን ሲያቆም ምን ሆነ? አዲስ አበባ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ከተወረደ በኋላ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተመሩ፤ እያንዳንዱም ሎሌውን፣ ወታደሩንና ባለሙያውን ይዞ ሰፈረ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። ሎንቺን ይዘሽ ፒያሳ ስትወጪ የምታልፊው በአንድ የጦር ሰፈር ቅሪት መሃል ነው። የእናንተ ቱሉ ዲምቱ ብሎክ ቁጥር ነው ያለው፤ እሱም የዘመኑ ነገር ነው። ለጌምሽ ግን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ዋና ከተማውን ስትስዪ የመሳፍንቱን ሰፈር በማዕረጋቸው አቅጣጫ አስቀምጪ። ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው «የግራው አዛዥ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ነው» ብሎ መገመት ይጀምራል።

የጦሩ ማዕረግ ብቻ አይምሰልሽ። ባልደራስ የንጉሡ ፈረሶች ኃላፊ ነው፤ የፈረንሳዩ ኮንስታብል ወንድም በይው። የእነሱ ጦር መራ፣ የእኛው የሰፈርና የኮንዶሚኒየም ስም ሆኖ ቀረ። በጅሮንድ ግምጃ ቤት ያዥ ነው። ነጋድራስ የነጋዴ አለቃ ነው፤ ቀረጡም በእጁ ነው። እልፍኝ አስከልካይ ስሙ እንደሚለው ማን ወደ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከጦር አዛዥ ይልቅ ይፈራል። አፈ ንጉሥ የንጉሡ አፍ ነው፤ የዳኞች የበላይ።

ከሁሉም ለጌም የተፈጠረ የሚመስለኝ ሊቀ መኳስ ነው። በጦርነት ላይ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ ይሰለፋል፤ ጠላት ንጉሡን ሲፈልግ እሱን እንዲያገኝ። እስቲ አስቢው። ሹመት ነው፣ ክብር ነው፣ ሥራው ግን በሌላ ሰው ፈንታ መሞት ነው። ከዚህ አንድ ማዕረግ ብቻ ሙሉ የጌም ታሪክ ይወጣል። ንጉሡ ቢሞትና ሊቀ መኳሱ ቢተርፍስ? ልብሱን ያወልቃል?

ሥራውና ስሙ እየተራራቁ መሄዳቸውንም አትርሺ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፈኛው በኩል ስማቸው የሚነሳው እነማን ናቸው? በጅሮንድ ባልቻና ሊቀ መኳስ አባተ። አንዱ በስሙ ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ በስሙ የንጉሥ ምስያ። ሁለቱም ግን መድፍ ላይ ናቸው። ማዕረጉ የመጣበት ሥራ ሌላ፣ ሰውየው የዋለበት ሌላ። የናንተ ጌም መሳፍንት ሁሉ ስማቸውና ሥራቸው ልክክ ካለ ያ ራሱ ሐሰት ይመስላል።

ሌላው ስህተት መሰላሉን ማጥበቅ ነው። «ራስ ከደጃዝማች ይበልጣል፣ ደጃዝማች ከፊታውራሪ ይበልጣል፣ አለቀ» ትላላችሁ። በመጽሐፍ ልክ ነው፤ በሕይወት ግን ወሳኙ የሾመው ማን ነው የሚለው ነበር። ራስ ተብሎ የተሾመው ሰውም የራሱ ፊታውራሪ፣ የራሱ ቀኛዝማች ነበረው። የአንድ ራስ ፊታውራሪና የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ በስም አንድ ናቸው፣ በክብደት ሰማይና ምድር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ መላ፣ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እስከ ሞቱ ድረስ ፊታውራሪ ነበሩ። የትኛው ራስ ነው በፊታቸው ቀና ብሎ የሚሄድ? ጌማችሁ ውስጥ አንድ ማዕረግ በሁለት ጌታ እጅ ስጡና ሁለቱን ሰዎች አንድ ድግስ ላይ አገናኟቸው። ማን ከላይ ይቀመጣል በሚለው ብቻ ጦርነት ይነሳል።

መሰላሉ ከየት መጣ ካልሽ፣ እሱ በእርግጥ ከጌሙ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለተጫዋች ሌቭል ሁሉ ስም ነበረው። ተዋጊው በመጀመሪያው ሌቭል «የጦር አርበኛ» ነው፣ ቆይቶ «ጀግና» ይሆናል፣ ዘጠነኛው ላይ «ሎርድ» ተብሎ ግንብ ይሠራል። የኮምፒውተር ጌሞች ይህን ወረሱ። ጭራቅ ገደልክ፣ ነጥብ አገኘህ፣ ማዕረግህ ተቀየረ። ለተጫዋች ደስ ይላል፤ እኔም አልነቅፈውም። ግን የሽልማት ማዕረግና የአገሩ መሳፍንት ማዕረግ አይቀላቀሉ። መስፍን ሌቭል አይወጣም። ይወርሳል፣ ያገባል፣ ይሸፍታል፣ ደጅ ይጠናል። ደጅ ጥናቱን ጨምሩበት በናታችሁ! ሹመት ፈላጊው ለዓመታት በጌታው ደጅ የሚመላለስበትን ያን ነገር አንድም የውጭ ጌም ላይ አላየሁትም።

የማይወረስ ማዕረግም አለ። እናንተ ያላችሁበት ምድር ላይ አባ ገዳ ስምንት ዓመት ከመራ በኋላ ሥልጣኑን ለተረኛው ያስረክባል። አባ ዱላ የጦር አዛዡ ነው (ዱላ ሲባል የአማርኛውን በትር እንዳታስቢ፤ በኦሮምኛ ዘመቻ ነው)። ጌማችሁ ውስጥ አንዱ መንግሥት ዘር የሚቆጥር፣ ጎረቤቱ ደግሞ በጊዜ የሚያስረክብ ቢሆን፣ ሁለቱ ሲዋዋሉ ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚመጣ አስቡት። አንደኛው «ልጄ ውሉን ያከብራል» ይላል። ሌላኛው «ከስድስት ዓመት በኋላ እኔ የለሁበትም» ይላል።

እሺ፣ ወደ ፈጠራው እንግባ። አንድ አብረን እንሥራ። ዓለማችሁ ድራጎን አለው አልሽ፤ ዘንዶ እንበለው። ድሮ አንድ ሰው መንጋውን ከዘንዶ እንዲጠብቅ ተሾመ። ሹመቱ በእልፍኝ አስከልካይ ልክ «ዘንዶ አስከልካይ» ተባለ። ለደሞዙ ከየመንደሩ በዓመት አንድ ወይፈን ይቆረጥለታል። ዘንዶው ሞተ። ወይፈኑ ግን አልቀረም! የልጅ ልጁ ዛሬም ይቀበላል፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ ዘንዶ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ደጃዝማች በሰው አፍ ደጃች እንደሆነ ሁሉ ይኼም አጥሮ «ዘንዳስ» ይባላል። በአዋጅ ላይ ግን ሙሉው ይጻፋል። ገበሬው በበኩሉ ከጀርባው «ወይፈኔ» ይለዋል። ሦስት ስም አገኘን፤ የአዋጅ፣ የመንገድና የሐሜት። አንድ ቀን ደግሞ ዘንዶ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈልግሽም።

ልብ በይ፣ ለዚህ ግዕዝ መቆለል አላስፈለገንም። «ሊቀ ሊቃውንተ ኃያላነ ጽልመት» ብትይ ወንድምሽ እንደገና ይስቃል። ጥሬ ዕቃው ታክሲ ተራ ላይ አለልሽ። ተራ አስከባሪን እይው። ማን ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል፣ ከየመኪናው ይቀበላል፣ ከሱ ጋር የተጣላ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ይህን ሰው ሁለት መቶ ዓመት ወደፊት ውሰጂው፣ ለልጁ አውርሺው፣ ካባ ደርቢለት። የድልድዩና የበሩ ጌታ የሆነ መስፍን ነው። አውሮፓ ውስጥ መኳንንት የተሠሩት እንዲሁ ነው። የማኅበር ሙሴ፣ የዕድር ጡሩምባ ነፊ፣ ጭቃ ሹም፣ ሁሉም ለዚህ ይሆናሉ።

ማዕረጉ በዓይንና በጆሮም ይታይ። በእኛ ዘንድ ሹመት ስም ብቻ አልነበረም። ነጋሪት የሚመታለትና የማይመታለት ይለያል። ካባና ለምድ የሚሸለም አለ። ወታደር ጌታውን በፈረስ ስሙ ያወድሳል፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ ናቸው፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ። ጌም ላይ ይህ ወርቅ ነው። ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ ስም ከማንበቡ በፊት ነጋሪቱን ሰምቶ «ትልቅ ሰው መጣ» ይበል።

ነውሩን በተመለከተ። ደጃዝማችም ፊታውራሪም በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወገድ አብረው የቀሩ ሹመቶች ናቸው። ባለቤት የላቸውም፤ ውሰዱ። የውጭዎቹማ ከወሰዱ ቆዩ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሦስት ላይ ኢትዮጵያን የመረጠ ሰው የሚመራው ጀግና «ራስ» ነው። እዚያው ጌም ላይ ተኳሹ ወታደር «ነፍጠኛ» ይባላል። ለሠሪዎቹ ጠመንጃ የያዘ ሰው ማለት ነው፣ በቃ። እዚህ አገር ግን ቃሉ ምን እንደሚያስነሳ አንቺም እኔም እናውቃለን። እንዲህ ያሉትን ተዋቸው፤ የሰው ቁስል ያለበትን ቃል ለማጌጫ አታድርጉት። የቤተ ክርስቲያን ሹመቶችንም እንዲሁ። አቡን፣ ንቡረ እድ ዛሬም ሰው የተሾመባቸው ናቸው፤ ለክፉ ጠንቋይ ብትሰጡት ሰው ቢቆጣ ልክ ነው። የአንድ ቦታ ብቻ የሆኑትንም አታንከራትቱ። ዋግ ሹም የዋግ ነው፣ ጃንጥራር የአምባሰል ነው። ስሙን ሳይሆን ሐሳቡን ውሰዱ፤ በአንድ ምድር ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ከዚያ ሲወጣ ዋጋ የሌለው ማዕረግ።

ስለ ንግሥቲቱ። እቴጌ የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ዘውድ ስትጭን ነው፤ እቴጌ ጣይቱ፣ እቴጌ መነን። በራሷ የነገሠችው ሌላ ናት። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ «ንግሥተ ነገሥታት» ነው የተባሉት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኑ፤ ሴትዮዋ ባል አላት ወይስ የላትም? ካላትና ዙፋኑ የእሱ ከሆነ እቴጌ በሏት። ዙፋኑ የራሷ ከሆነ እቴጌ ብላችሁ አታሳንሷት። ባሏ ሞቶ በልጇ ስም የምትገዛ ከሆነ ደግሞ እቴጌ የሚለውን አትቀይሩት። መኳንንቱ «ልጁ አድጓል፣ ማኅተሙን ያስረክቡ» እያሉ ደጇ ላይ ይሰብሰቡና ጌሙ ከዚያ ይጀምር።